እማዬ፣ ትንንሾቹ ጋላክሲዎች ዝም ብለው አይዋጡም

ውድ እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ባለፈው በስልክ «ታዲያ ትልቁ ጋላክሲ ትንሹን ይውጠዋል ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ሳንጨርሰው ቀረን። ጥያቄሽ በጣም ደስ ስላለኝ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

አዎ፣ ይውጠዋል። ግን እንዲህ በዋዛ አይደለም።

እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ፣ በብዙ ድንክ ጋላክሲዎች የተከበበ ነው። እስካሁን የታወቁት ብቻ ከ50 ይበልጣሉ። የእኛ ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት ሲኖሩት፣ ከእነሱ መሃል ጥቂት ሺህ ብቻ የያዙ አሉ።

እኔን የሚገርመኝ ሳጂታሪየስ የሚባለው ነው። ከጋላክሲያችን መሃል ባሻገር ስላለ፣ ከፊቱ ያሉት ከዋክብትና አቧራ ጋርደውት እስከ 1994 ድረስ መኖሩን ያወቀ አልነበረም። አሁን እየተበጣጠሰ ነው። ለምን መሰለሽ? ስበት ሲቀርቡት ይበረታል፣ ሲርቁት ይላላል፤ ስለዚህ ወደ ሚልኪ ዌይ የዞረው ጎኑ ከጀርባው ይልቅ በኃይል ይጎተታል፣ ጋላክሲው ይለጠጣል፣ ከዋክብቱም ከፊትም ከኋላም እያፈተለኩ፣ ጫፉ እንደተያዘ ሹራብ እየተተረተሩ ይወጣሉ። የወጡት ከዋክብት ረጅም ጅረት ሠርተው ሚልኪ ዌይን ዙሪያውን ጠምጥመውታል። እምብርቱ ግን እስካሁን አልተበተነም።

ትልቁም ቢሆን ሳይነካ አልቀረም፣ እማዬ። ጋይያ የምትባለው የአውሮፓ መንኮራኩር በ2013 መጥቃ ከቢሊዮን በላይ ከዋክብት ያሉበትን ቦታ ለካች። በ2018 ተመራማሪዎች በፀሐይ አካባቢ ያሉት ከዋክብት ከጋላክሲው ወለል ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚሉና በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ በአንድ ሥዕል ላይ ሲያስቀምጡት፣ ጥምዝምዝ ያለ መስመር ወጣላቸው። የሆነ ነገር አናውጧቸው ገና አልረጉም ማለት ነው። ብዙዎች የሚጠረጥሩት ሳጂታሪየስን ነው። አስቢው፣ ይሄ ትንሽ ነገር የእኛን ሰፈር ከዋክብት ሲያናውጥ!

ትልቁ የማጄላን ደመና ደግሞ ይብሳል። ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ጋላክሲ ነው፤ 160,000 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በዚያን ያህል ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ያህል ይርቀናል። ክብደቱ የሚልኪ ዌይን አንድ አስረኛ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ስለዚህ እኛ እሱን ስንስበው እሱም እኛን ይጎትተናል፣ ጋላክሲያችንም በእሱ የተነሳ ከቦታው ሸርተት ብሏል።

ድሮ የተዋጡትስ? ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሌላ ጋላክሲ ከእኛው ጋር ተጋጭቶ ተቀላቅሏል። ይህም በ2018 ከጋይያ መረጃ ነው የታወቀው። ከዋክብቱ ዛሬም ይለያሉ፤ የተሠሩበት ንጥረ ነገር ምጣኔው ሌላ ነው፣ እንደ ፀሐያችን ክብ ሠርተው በመዞር ፋንታም ወደ መሃል ጠልቀው ገብተው መልሰው ርቀው ይወጣሉ። እና «ተውጦ ጠፋ» ማለት ለእኔ ልክ አይመጣልኝም።

ስለ አንድሮሜዳ፣ ስለዚያች ትልቅ ጎረቤት ጋላክሲ፣ የጠየቅሽኝን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ፤ እሷም የራሷ ትንንሾች አሏት።

የምትወድሽ ልጅሽ