ፊሽካው የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጎሚስታ ነኝ። ጀሞ አካባቢ አንድ መስቀለኛ መንገድ ዳር ጎማ ስነፋና ስለጥፍ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ የማየው ያንኑ መንገድ ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ያየሁትን ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስከፍት አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቀድሞኝ ቆሟል። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሥራውን ይሠራል፣ አይወራበትም። መኪናው ይሄዳል፣ ተማሪዎቹ ይሻገራሉ። ከዚያ ረፋዱ ላይ ደግሞ ሌሎቹ ይመጣሉ። የራሳቸው መለያ ያላቸው የትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ደንብ አስከባሪዎች ካልሲና ሶፍት የሚሸጡትን ልጆች እያባረሩ ያልፋሉ። ተራ አስከባሪዎቹ ታክሲ ይጠራሉ፣ የፓርኪንግ ልጆች ደግሞ ደረሰኛቸውን ይዘው መስታወት ያንኳኳሉ። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቆጠርኳቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ አምስት ዓይነት ልብስ የለበሱ 11 ሰዎች ነበሩ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ፣ በዚያ ላይ ዝናቡ ወርዶ መብራት ሄዶ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ሲጨልም፣ ከ11ዱ አንድም የለም።

በእኛ ቋንቋ ትራፊክ ማለት መቼም ሰውየው ነው። «ትራፊክ አለ» ሲባል ሾፌሩ ቀበቶውን ያስራል፣ ረዳቱ ትርፍ የጫነውን ሰው «ዝቅ በሉ» ይላል። ማታ ማታ ታዲያ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ትራፊክ የለም። አራቱም አቅጣጫ መሃል ላይ ይገባና ይቆላለፋል፣ ማንም ወደ ኋላ አይልም፣ ጥሩምባ ብቻ ነው።

እና ማን ይፈታዋል? አንድ ሊስትሮ። 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ሳጥኑን እኔ ጋ ያስቀምጥና ፊሽካውን ይዞ መሃል ይገባል። ፊሽካውን ከየት እንዳመጣው ጠይቄው አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ሾፌሩ ሁሉ ይስቅበት ነበር፣ አሁን ሲኖትራክ ሳይቀር ይቆምለታል። ከጠዋቶቹ ትራፊኮች አይቶ የቀዳው ነገር አለው። መዳፉን ዘርግቶ አንዱን አቅጣጫ ይዘጋል፣ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ከኮንዶሚኒየሙ በኩል የሚወርዱትን በሌላ እጁ እየጠራ 20 መኪና ያህል ያሳልፍና ዞር ይላል። አንዱ 10 ብር ይወረውርለታል፣ ሌላው ይሰድበዋል። ዝናብ ሲሆን የማዳበሪያ ከረጢት ራሱ ላይ ያጠልቃል። እኔ እሱን ሳይ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ጥቁር ጃኬት ነው የሚለብሰው፣ በጨለማ አይታይም።

ሰው የለም እንዳይሉኝ። በየዓመቱ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሲመጡ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ በየመታጠፊያው ሰው ሲቆም አይተናል። የእኛው የጠዋቱ ትራፊክ ራሱ ያን ሰሞን ወደዚያ ይወሰዳል፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመርም እሑድ እሑድ መንገድ ዘግተው የሚያስተናብሩ ሠራተኞች አልጠፉም። ክረምት ላይ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ይመጣሉ፣ በትምህርት ጊዜ ተማሪ ትራፊኮች አሉ። እንግዲህ ሰው ካለ የጠፋው ምንድነው? ለእኔ እንደሚመስለኝ የጠፋው ሰዓት ነው። ሠራተኛው የሚወጣውና የሚገባው እንደ ቢሮ ሰዓት ነው፣ መንገዱ ግን የሚሞላው የቢሮ ሰዓት ሲያልቅ ነው።

ቆሞ የሚውለውን ሰው ልወቅስ አይደለም የተነሳሁት። ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ትራፊክ ዝናብ ሲያባርራት ቆርቆሮዬ ሥር ገባች። ጫማዋ ውስጥ ውኃ ገብቷል። ዱካዬን ለቀቅሁላትና ትንሽ ተጫወትን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት እንደወጣች ነገረችኝ። ቀስ ብላ ደግሞ «ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ ሽንት ቤት ይኖራል?» አለችኝ። ጎን ያለው ካፌ ለደንበኛ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ስለዚህ ሻይ ማዘዝ ነበረባት። በኋላ ለመድኳት መሰለኝ፣ ሥራ ላይ ስትሆን ውኃ እንደማትጠጣ አጫወተችኝ። ቀኑን ሙሉ የናፍጣ ጭስ እየዋጠች ውኃ አትጠጣም። እንዲህ እያኖሯት ማታ 2 ሰዓት ድረስ ቁሚ ቢሏት እኔ ራሴ እቃወማለሁ።

ሌላም ጉድ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ረዘም ያለ ትራፊክ ነበረን፣ መስቀለኛውን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤቱ ሲለቅ የታችኛውን መንገድ ቀድሞ ይይዘዋል፣ ሰርቪሶቹ ሳይደራረቡ ይወጣሉ። ዓርብ ከገበያው በኩል የሚመጣውን ጭነት ወደ ውስጥ መንገድ ያዞረዋል። አንድ ሰኞ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የተተካው ልጅ ትጉህ ነው፣ ግን ከዜሮ ጀመረ። ሁለት ወር ፈጀበት። እሱ ደግሞ ሲለምደው ተዛወረ። በየጥበቃ ቤቱ እንኳ የፈረቃ መረካከቢያ ደብተር አለ እኮ! እዚህ ግን የሚወርሰው የለም፣ የሚያስታውሰው ጎሚስታው ብቻ ነው።

ሥራው በወረቀት ላይ ተከፋፍሏል። ትራፊክ ፖሊሱ የፖሊስ ነው። ተቆጣጣሪው የትራፊክ ማኔጅመንቱ ነው። አስፋልቱ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ ደንብ አስከባሪው ደግሞ የራሱ መሥሪያ ቤት። ተራ አስከባሪውና ፓርኪንጉ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ከተማችን 11 ክፍለ ከተማ አላት፣ ከሥሩ ወረዳ፣ ወረዳውም ምክር ቤት አለው። ይህ ሁሉ እያለ የእኛን መስቀለኛ «የኔ ነው» የሚል አልተገኘም። እኔና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ማመልከቻ ይዘን ዞረናል፣ የመሥሪያ ቤቶቹን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። የመጀመሪያው «ይህ እኛን አይመለከትም፣ እዚያ ጠይቁ» አለን። «እዚያ» የተባለው ደግሞ ወደ ሌላ መራን። ሦስተኛው በጣም ትሁት ነበር፣ ቡና ጋበዘንና ወደ መጀመሪያው መለሰን።

ሕጉማ ሞልቷል። ሾፌር ሁሉ በቁጥሩ የሚጠራው የትራፊክ ደንብ 208/2003 ነበር፣ አሁን በ557/2016 ተተክቷል፣ ቅጣቱም ጨምሯል። ይጨምር፣ የሚገድል ሾፌር ይቀጣ። እኔን ቅር የሚለኝ መስቀለኛው ተዘግቶ እያለ ሁለት ተቆጣጣሪ ከዛፍ ጥላ ሥር 100 ሜትር ወረድ ብሎ ቆሞ ከዚያ መከራ ያመለጠውን ሾፌር ሲከስ ሳይ ነው። ዜና ላይ ሪፖርት ሲነበብም የምሰማው ስንት ሾፌር እንደተቀጣ ነው። የእኛ መስቀለኛ ማታ ስንት ደቂቃ ተቆልፎ እንደቆየ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የምክር ቤት አባሎቻችን ይህቺን ብቻ ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፦ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በየትኛው መንገድ ላይ ማን ቆሟል?

ብዙም አልጠይቅ። ከረፋዱ 11 ሰው ሦስቱን ወደ ማታ አዙሩልን። ለሚቆሙት ዝናብ ልብስና ሽንት ቤት ይዘጋጅ፣ ከካፌው ጋር መነጋገር እንኳ ይበቃ ነበር። የመረካከቢያ ደብተሩን ከፈለጋችሁ እኔ ጋ አስቀምጡት፣ ጎማ ቤቱ አይዘጋም። ደግሞም መስቀለኛው ላይ ያለው እንጨት ላይ የሚደወልበት አንድ ስልክ ቁጥር ለጥፉ፣ አንድ ብቻ፣ የሚነሳ።

የሊስትሮው ልጅ ነገር ደግሞ አለ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልገዛለት አስቤ ለዚያችው ትራፊክ አማከርኳት። «ጋሼ፣ ያለ ፈቃድ ከለበሰውማ ይያዛል» አለችኝ። እውነቷን ነው መሰለኝ። ፈቃዱን የሚሰጠው የትኛው ቢሮ እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይንገረኝ፣ ሰደርያውን ገዝቼ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ።

ጎሚስታው፣ ከጀሞ