የቅዳሜው ውይይት፦ «አዳሪ ተማሪዋ»

ሰላም ውድ አባላት፣ ቅዳሜ የምንወያየው እ.ኤ.አ. በ1861 በወጣው የሩሲያዊቷ ደራሲ የናዴዥዳ ክቮሽቺንስካያ ልቦለድ «አዳሪ ተማሪዋ» ላይ ነው። ደራሲዋ ያሳተመችው ቪ. ክሬስቶቭስኪ በሚል የወንድ ስም ነበር። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ሌሌንካ ወላጆቿ ያጩላትን ሰው እምቢ ብላ ፒተርስበርግ አክስቷ ጋ ትገባለች። ከዓመታት በኋላ ኤርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ ሥዕል አስመስላ ስትሥል እናገኛታለን፤ በራሷ ሥራ የምትኖር ሴት ሆናለች። ግን ፍቅርንም ጭምር እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። እኔ እዚህ ላይ ልቤ ይከፈላል፤ ነፃነቷን የግድ በዚህ ዋጋ መግዛት ነበረባት? በደንብ እንከራከርበት።

ሰዓቱ ከቀኑ 9፣ ቦታው የተለመደው ቤተ መጻሕፍት። የሙዚየሙን ክፍል ደግማችሁ አንብቡ፤ የነካችሁን አንድ አንቀጽ ምልክት አድርጋችሁ ኑ።

ለቀጣዩ ወር ከካሮሊና ፓቭሎቫ «ድርብ ሕይወት» እና ከቶልስቶይ «የቤተሰብ ደስታ» አንዱን እንመርጣለን። መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እባካችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።