በእናትስ በኩል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ወር ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። የልጁም ወገን እንደኛ ከሰሜን ሸዋ ነው። ስለዚህ እንቁጠር ተባለ። ያው እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባም።

ታላቅ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና የአባታችንን መስመር እንደ ዳዊት በቃሉ ተወጣው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያለ ሰባተኛው ጋ ደረሰ። እኛም ደረታችን ተነፋ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ "በእናትስ በኩል?" አሉ። ወንድሜ አያታችን ላይ ቀጥ አለ።

አሰላ ያለችው አክስታችን ጋ ደወልንና ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አኖርነው። "የእናትሽ እናት ስማቸው ማን ነበር?" አላት ወንድሜ። ዝም አለች። ከጓሮዋ ዶሮ ይሰማናል። "እኛማ እሜቴ ነበር የምንላት" አለች። "ጎረቤትስ?" "በልጇ ስም፤ የእገሌ እናት።" አለቀ። ያሳደገቻትን ሴት ስም አታውቀውም።

ዝምድና የለም ተብሎ ቡናው ተጠጣ። እኔ ግን ማታ የደንበኛ ልክ የምጽፍበትን ደብተር አውጥቼ ደመርኩ። ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8። ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ይሆናል። ወንድሜ ያን ሁሉ ተኩራርቶ እዚያ ላይ የጠራው አንዱን ነው! 30ኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው አልነበረም። እንግዲህ አንዱ ሰው በብዙ መስመር ተደጋግሞ ይገባል ማለት ነው፤ በእኔም፣ በእርስዎም። ዘሩ ከማንም እንዳልተቀላቀለ የሚምል ሰው ሲገጥመኝ አሁን አሁን ሳቄ ይመጣል።

ሙሽራዋ ልጄ የባዮሎጂ መምህርት ናት። "አባዬ፣ ሴላችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ እኮ የሚወረሰው ከእናት ነው" አለችኝ። ስሟ የጠፋው ሴት እኛ ውስጥ አለች፤ መታወቂያችን ላይ ግን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብቻ።

ታሪካችን እናንተ ጋዜጣ ላይ ሲወጣም እንዲሁ ነው። የሕይወት ታሪክ ስታትሙ ቢያንስ የእናትንና የሴት አያትን ስም ጠይቁ። ቤተሰቡ ካላወቀ ይደውል።

እኔ ደብተሬ ላይ በሦስተኛው ቦታ "እሜቴ" ብዬ በእርሳስ ጽፌያለሁ። መንዝ አንዲት አሮጊት ያውቁ ይሆናል ተብሏል። ለጥምቀት እሄዳለሁ።

ልብስ ሰፊው፣ ከአዳማ