ለደንበኞቻችን፦ በቡና ማሽን ዋጋ ላይ ስላለው ቫት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ፕሮፎርማ በሰጠን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ማሽኑ ጣሊያን 22 ከመቶ ቫት ተከፍሎበታል፤ እናንተ ደግሞ 15 ትጨምራላችሁ። ሁለቴ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» እውነት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የጣሊያን ዋጋ 22 ከመቶውን ይዟል። እኛ ግን የምንገዛው በዚያ ዋጋ አይደለም።

ከፋብሪካው በሚመጣልን ኢንቮይስ ላይ የቫቱ መስመር ዜሮ ነው። ውለታ ተውሎልን እንዳይመስላችሁ። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በዜሮ ምጣኔ ይወጣል፤ ታክሱን የሚሰበስበው ዕቃው የሚገባበት አገር ነው። የእኛ ቡናም ወደ ጣሊያን ሲላክ የሚስተናገደው እንደዚሁ ነው።

አገሮች በዚህ ላይ ለመግባባት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አውሮፓውያን የቫት ሕጋቸውን ማቀራረብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ታክሱ በምን ላይ እንደሚሰላ የሚያስማማውን ስድስተኛውን መመሪያ ያወጡት በ1977 ነው። ምጣኔውን ግን ዛሬም አንድ አላደረጉትም። መደበኛው ከ15 ከመቶ እንዳያንስ ተስማምተው ሃንጋሪ 27፣ ሉክሰምበርግ 17 ያስከፍላሉ። በ2016 ደግሞ ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ድንበር ተሻጋሪ በሆኑ አገልግሎቶችና በማይዳሰሱ ነገሮች ላይም ታክሱ የመድረሻው አገር ይሁን የሚለውን መርህ በምክረ ሐሳብ አጸደቀ። እኛ አካባቢ ኬንያ 16፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ 18፣ ጅቡቲ 10 ከመቶ ነው። ቁጥሩ ቢለያይም ለነጋዴ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሁለት አገር በአንድ ዕቃ ላይ ሲሰበስብ ነው።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ማሽኑ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ የጉምሩክ ዋጋውና ቀረጡ ተደምሮ ለምሳሌ 400,000 ብር ቢሆን፣ 60,000 ብር ቫት እዚያው እንከፍላለን። ለእናንተ በ500,000 ስንሸጥ 75,000 ብር ቫት እንቀበላለን። ቀድሞ የከፈልነው 60,000 ስለሚቀነስልን ለመንግሥት የምናስገባው ቀሪውን 15,000 ነው። ለቫት የተመዘገባችሁ ካፌዎችና ሆቴሎችም 75,000ውን ከማኪያቶና ከምግብ ሽያጭ ከሰበሰባችሁት ቫት ላይ ትቀንሳላችሁ። ያልተመዘገበ ሰው ግን አይቀነስለትም፤ ወጪው የራሱ ነው።

በእርግጥ ሁለቴ የሚከፈልበት መንገድም አለ። ሮም የሚኖር ዘመድ ከሱቅ ገዝቶ በሻንጣ ሲያመጣ 22ቱን እዚያ ይከፍላል፣ ቦሌም ሲደርስ ጉምሩክ 15ቱን ሊጠይቀው ይችላል። የጣሊያኑ ተመላሽ የሚሆነው ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ገዢ ነው፤ እሱም ሲወጣ ሰነዱን በጉምሩክ ካስመታ ነው። ይልቅ ሱቁ ራሱ በኤክስፖርት ሰነድ እንዲልክ ጠይቁ።

እባካችሁ ስትገዙ ቲን ነምበራችሁን ይዛችሁ ኑ። ደረሰኙ በድርጅታችሁ ስም ካልተቆረጠ ያን 75,000 ብር መቀነስ ያስቸግራችኋል፣ ዘግይቶ ማስተካከልም አድካሚ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ አስኪያጁ፣ አዳማ