ረቂቅሽን ለማንም አታሳዪ

አዳማ፤ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ነፋሱ ብቻ ዘንድሮ ቀድሞ ተነሥቶ አቧራውን ሳሎን ድረስ ያስገባብናል። «ኅዳርን ሙሉ ልቦለድ ልጽፍ ነው» ስትዪኝ ስልኩ ተቋረጠ። የምለው ብዙ ስለሆነ መልሼ ከመደወል ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

በአንድ ወር ልቦለድ የመጻፉን ልማድ አመጣጥ አንብቤአለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስ ቤቲ የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከወዳጆቹ ጋር 21 ሆነው በአንድ ወር ልቦለድ ለመጻፍ ተነሡ። የመጀመሪያው በጁላይ ነበር፤ በዓመቱ ወደ ኖቬምበር ያዛወሩት አየሩ ከፍቶ ሰውን ቤት ስለሚያስቀምጥላቸው ነው። የእኛ ኅዳር እንኳ ፀሐዩ እንዲህ ጠርቶ ከቤት ያስወጣል እንጂ አያስቀምጥም፤ እሱን አስቢበት። ግባቸው በ30 ቀን 50,000 ቃል፣ ማለትም በቀን 1,667 ገደማ ነበር። ይህን ሲያዘጋጅ የቆየው ድርጅታቸው በ2017 ዓ.ም. መዘጋቱን ቢያስታውቅም ልማዱን የሚከለክል የለም።

አንቺ ግን 50,000 ብለሽ አትነሺ። የእኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም ተሸክሞ እንደ አንድ ቃል ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ በአማርኛ 50,000 ቃል ከእነሱ መጽሐፍ በጣም የወፈረ ይሆናል። 30,000 ይበቃሻል። የኅዳር ሚካኤልንና የጽዮንን ዕለት አውጪና በቀሩት 28 ቀናት ከ1,000 ትንሽ ከፍ የሚል ይደርስሻል። መብራት ሲጠፋ ደብተር ላይ ጻፊ፤ በእጅ ጽሑፍሽ አንድ ገጽ 150 ቃል ቢይዝ ሰባት ገጽ ማለት ነው። ሰባት ገጽ ደግሞ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ማታም ጨምሪበት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እኔ ደራሲ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት የሌሎችን ረቂቅ በጽሕፈት መኪና ስመታ ነው። ከአለቆቼ አንዱ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጽፎ ይሰርዛል፣ እንደገና ጽፎ ይሰርዛል፤ ወረቀቱ እስኪበሳ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እዚያው አንቀጽ ላይ አገኘዋለሁ። ሌላው ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፤ የማያውቀው ቦታ ሲደርስ ግን በኅዳጉ «ቁጥሩ ይጣራ» ብሎ ያልፋል፣ የሰው ስም ቢጠፋበት መስመር አስምሮ ባዶውን ይተወዋል። ለቁም ነገር የደረሰው የእሱ ሪፖርት ነበር። የመጀመሪያው ሰው አማርኛ ይበልጠዋል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሜት ይሆንብኛል።

እንግዲህ እስከ ኅዳር መባቻ የምትዘጋጂው ያን ወር ሳትቆሚ እንድትሄጂ ነው። ባዘቶው ሳይዘጋጅ እንዝርት አይነሣም። ዐረፍተ ነገር አሁን አትጻፊ፤ የልቦለድሽ ባለታሪክ የሆነችው ልጅ ምን እንደምትፈልግ፣ ማን እንደሚከለክላት፣ መጨረሻ ላይ የት እንደምትገኝ በአንድ ገጽ አስፍሪ። ትዕይንቶቹን በቁርጥራጭ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር። የሰዎቹን ስም ከነዕድሜያቸው አሁኑኑ ወስኚ፤ በኅዳር አጋማሽ ስም ፍለጋ ከተቀመጥሽ ያ ቀን ሄደ ማለት ነው።

ልጅቱ በንጉሡ ዘመን ባቡር ጣቢያ ብርቱካን የምትሸጥ ከሆነች፣ ከተማችንን «አዳማ» እያለች እንዳትጠራብሽ። ያኔ ናዝሬት ነበረች፤ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ስለሆነ፣ አያቷ ባቡር የሌለበትን ጊዜ ብታስታውስ አይገርምም። ከዚህ ወደ ድሬዳዋ ስትሳፈሪ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ ከዚያ አዋሽ ነው፤ ልጅቱን መተሐራ ላይ ካወረድሻት ሙቀቱን አትርሺ። የቲኬቱን ዋጋ ካላወቅሽ እንደዚያ አለቃዬ ባዶውን ትተሽ እለፊ። ለአንድ ቲኬት ብለሽ ስልክሽን ከፍተሽ ገብተሽ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ እንደምትወጪ አውቅሻለሁ።

ሌላው፣ በወሩ ውስጥ የጻፍሽውን ለማንም አታሳዪ። ለጓደኞችሽም፣ ለአባትሽም፣ ለእኔም። አባትሽ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ የ«ሀ»ና የ«ኀ» ስሕተት ይለቅምልሻል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ንጹሕ ቅጂ ሳወጣ የኖርኩ ነኝና እጄ አያርፍም። ብለምንሽ እንኳ እምቢ በይኝ። እርማቱ ለታኅሣሥ ይቆይ፤ ያን ጊዜ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እመጣለሁ።

የባቡሩን ነገር ከሰው አፍ መስማት ከፈለግሽ አጎትሽ አለልሽ፤ ፉርጎው ውስጥ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ጣቢያው ላይ ምን ምን ይሸጥ እንደነበር አንድ በአንድ ይነግርሻል። ጥቅምት ሳያልቅ ደውዪለት፤ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው ጨዋታው የሚያምረው። ብቻ ስለ ጡረታ አበሉ አትጠይቂው፤ ከጀመረ ኅዳርም አይበቃው።

እናትሽ