የተነካ አውሮፕላን ሳይመረመር አይነሳ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤንነትሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም ደህና ነን። በአውሮፕላን ማረፊያው የምድር አገልግሎት ክፍል መቀጠርሽን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ዘመኔን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍሁ ሰው በመሆኔ፣ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ። አውሮፕላን ቆሞ ሻንጣ ሲጫንበት፣ ነዳጅ ሲሞላና ምግብ ሲገባለት በአገልግሎት ተሽከርካሪ መገጨቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ግጭቱ ሳይሆን ገጭቶ ዝም ማለቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2005 ከሲያትል የተነሳ የአላስካ አየር መንገድ ኤምዲ-83 አውሮፕላን 26,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ሳለ ጎኑ ላይ 30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተበት። የመንገደኞቹ ክፍል አየር በድንገት አፈተለከ፤ አብራሪዎቹ ፈጥነው ዝቅ አሉና ወደ ሲያትል መልሰው በሰላም አሳረፉት። በኋላ ሲጣራ፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት አንድ የምድር ሠራተኛ በተሽከርካሪ ነክቶት ኖሮ በጊዜው ለማንም አልተናገረም።

ቀላል የምትመስል ጭርምት እንዲህ የምትሆንበት ምክንያት አለ። የብዙ አውሮፕላኖች የአሉሚኒየም ቆዳ በአብዛኛው ቦታ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታ ላይ ደግሞ በውስጥ ያለው አየር እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ከ5 ቶን ክብደት በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ምድር ላይ ይህ ግፊት ስለሌለ የተጎዳው ቦታ ጤነኛ መስሎ ይታያል። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት፣ አካላቸው በአብዛኛው ከካርቦን ፋይበር በተሠራው ዘንድ ነገሩ የባሰ ነው፤ ከላይ ይህ ነው የሚባል ምልክት ሳይታይ በውስጥ ያሉት ንብርብሮች ሊላቀቁ ይችላሉ፤ ይህን የሚያገኘው በአልትራሳውንድ የሚመረምር ቴክኒሺያን እንጂ ባዶ ዓይን አይደለም። ስለዚህ «አየሁት፣ ምንም አልሆነም» ብሎ መፍረድ ያንቺ ድርሻ አይደለም።

አዲስ ሠራተኛ ቶሎ የማይገባው ሌላው ነገር፣ የቆመ አውሮፕላን ባለበት ረግቶ እንደማይቆይ ነው። መንገደኛና ጭነት ሲገባበት ዝቅ፣ ሲወጣለት ከፍ ይላል። በሩ ተከፍቶ ሳለ የመሳፈሪያ ድልድዩ ወለል ለበሩ የታችኛው ጠርዝ በጣም ቀርቦ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል በሩ ድልድዩ ላይ ይቀመጥና ማጠፊያው ይጣመማል። ድልድዩ ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል ከፍና ዝቅ እንዲል የሚያደርገው መሣሪያ መሥራቱን ሳያረጋግጡ ጥሎ መሄድ የለም። የሻንጣ መጫኛ ቀበቶውንም ስታስጠጊ፣ ከፊቱ ያለው የላስቲክ መከላከያ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እንጂ የአውሮፕላኑን ጎን እንዲደገፍ የተሠራ አይደለም፤ ክፍተት ተዪለት። አውሮፕላኑን ከሚገፋው ተሽከርካሪ ጋር በሚያገናኘው የመግፊያ ዘንግ ላይ ያለው ፒንም፣ ኃይል ሲበዛ ከአውሮፕላኑ አካል ቀድሞ እንዲሰበር ሆን ተብሎ ደከም ተደርጎ የተሠራ ነውና፣ ቢሰበር ባገኙት ብሎን ተክተው ሥራ የሚቀጥሉ ሰዎች ካየሽ አትተባበሪያቸው።

ጉዳቱ ሁልጊዜ በግጭት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከሊማ የተነሳው የኤሮፔሩ ቦይንግ 757፣ ሲታጠብ የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሳ በመቅረቱ ከፍታውንና ፍጥነቱን በትክክል ማወቅ ሳይችል ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 70 ሰዎች ሞቱ።

«ሰዓት ደርሷል» የሚል ጩኸት በየቀኑ ትሰሚያለሽ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ በምድር ላይ የሚደርስ ጉዳት በ2035 በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ ሊያስከትል እንደሚችል ገምቷል፤ እንዲህም ሆኖ ጉዳት ያሳወቀውን ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀጣ አለቃ አይጠፋም። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው አለቃ ዝምታን በገዛ እጁ ያስተምራል። አንቺ ግን የነካሽ ከመሰለሽ ተሽከርካሪሽን እዚያው አቁሚ፣ ወደ ኋላም አትመልሺው፤ በሮቹ ከመዘጋታቸው በፊት ለጥገና ባለሙያ ወይም ለካፒቴኑ ራስሽ ንገሪ፤ ቦታውንና ሰዓቱንም ጽፈሽ አስቀምጪ።

የመጀመሪያ ፈረቃሽ ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ሌሊት ከሆነ፣ የተሽከርካሪሽን ፍሬንና መብራት ከመረከብሽ በፊት ፈትሺና የሆነውን ጻፊልኝ።

አባትሽ