ትሪውን ሳዞርለት በላ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሕሙማን ከሆስፒታል ሳይወጡ አንድ ጎናቸውን መዘንጋት አለመዘንጋታቸው እንዲመረመር ስለመጠየቅ

አባቴን ስትሮክ የመታው በቀኝ የአንጎሉ ክፍል ነው። ግፊቱ ወርዶ በምርኩዝ መራመድ ሲጀምር፣ ስሙን ከማልጠራው ሆስፒታል «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ተባልን። ቤት ገብቶ ከትሪው በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ በልቶ «ወጡ አለቀ እንዴ?» ይል ጀመር። ትሪውን ሳዞርለት የቀረውንም በላ። ጺሙንም ግማሽ ፊቱን ብቻ ይላጫል። ዓይኑ ነው ተባለና መነጽር ገዛን፤ ገንዘባችን ቀለጠ።

ያባነነኝ ንባቡ ነው። ቁርኣኑን ሲከፍት መሥመሩን በትክክል ይጀምርና ሳይጨርሰው ወደሚቀጥለው ይወርዳል። የአማርኛ ጋዜጣ ስሰጠው ደግሞ ከመሥመሩ መካከል ይነሣል። በሁለቱም የጠፋበት ግራው ነው።

ሐኪሞች ኔግሌክት ይሉታል፤ ዓይን እያየ ትኩረት ወደ አንድ ወገን አልሄድ ሲል ነው። የእይታው ግማሽ የጠፋበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን ስለሚያውቅ አንገቱን አዙሮ ይፈልጋል። ይኼኛው ግን የጎደለ ነገር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። «ግራዎ ይታይዎታል?» ቢባል «አዎ» ነው መልሱ።

መመርመሪያው ማሽን አይፈልግም። የነርቭ ሐኪሙ አልበርት በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፈተና ወረቀት ላይ የተበተኑ 40 አጫጭር መሥመሮችን ማሰረዝ ነው፤ የግራዎቹ ሳይነኩ ከቀሩ መጠርጠር ነው። እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ እናቶቻችን ደግሞ የካትሪን ቤርዤጎ መለኪያ አለ፦ አለባበስን፣ አበላልን፣ ከዕቃ ጋር መጋጨትንና የመሳሰሉትን 10 ነገሮች እያዩ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 መስጠት። ለእኛ ከተማ ይኼ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ወረቀቱን አሳምሮ ሠርቶ ቤቱ ሲገባ መቃኑን የሚገጨውንም ይይዛል።

የምለምነው፣ በሥራችሁ ባሉ ሆስፒታሎች የመውጫ ቅጽ ላይ ለዚህ አንድ መሥመር እንድትጨምሩ፣ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶችም እንዲሠለጥኑበት ነው። ውጤቱ ለቤተሰብ ይነገር፤ ቢያንስ «መንገድ ብቻቸውን አይሻገሩ» የሚል ሰው ይኑር። በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከእግረኛ መንገድ ለሚወርድ ሰው ባጃጁ መጀመሪያ የሚመጣበት በግራው ነው። አባቴን ባለፈው ሳምንት እጀጌውን ጎትቼ ነው ያተረፍኩት።

ከአክብሮት ጋር
የታማሚው ልጅ፣ ከዚራ